ለእድሳት የተነሣ በር

አከራዬን ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ «እሱ» ነው የምለው። አንቱታውን ለአባቴ አስቀርቼዋለሁ፤ ለሁለቱም የሚበቃ የለኝም።

መሐል ሜዳ በታይፒስትነት የተቀጠርኩት ደርግ ወድቆ አዲሶቹ ገና ቢሮዎቹን እየተለማመዱ በነበረበት ጊዜ ነው። ከገበያው በላይ ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ከሚኖርበት አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ባለ ሁለት ክፍል አዲስ ቤት ሠርቶ ነበርና አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለአንድ አስተማሪ ሰጠ። ውል አልተጻፈም። ለእኔና ለአንቺ ወረቀት ምን ያደርግልናል አለኝ፤ እኔም እንደ አባት አየሁትና እሺ አልኩ። ግድግዳው በቅጡ አልደረቀም፣ በሩ ግን የጥድ ሳንቃ ነበር፤ ወፍራም፣ ሲዘጋ ግጥም የሚል። በመንዝ ውርጭ እንዲህ ያለ በር ያገኘ ሰው ሌላ አያማርጥም።

እሱ ግቢ የማይፈቀደው ነገር ብዙ ነው። በበዓል ልብስ ማጠብ የለም፣ ሬዲዮ ጮክ ማድረግ የለም፣ ሲመሽ እንግዳ የለም። ሁሉንም ተቀበልኩ። ሰውዬው በከተማው የተከበረ ነው፣ የእድሩ ሰብሳቢ ነው፣ ለቅሶ አያልፈውም፣ ቀብር ላይ ከፊት የሚቆመው እሱ ነው። ደግ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ምዬ እመሰክርለት ነበር፣ ሞኝ!

አባቴ የግሼ ገበሬ ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኅዳር ላይ ሆዳቸው አብጦ፣ ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ በበቅሎ መጡብኝ። ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ጻፈልን፣ ሄድን። እዚያ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ጉበታቸው እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ የሚቀራቸው ማስታገሻ መርፌ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም መሐል ሜዳ ሊወጓቸው እንደሚችሉ ነገረኝ። ግሼ መርፌ የለም። በመንገዱ ላይ ደግሞ የጓሳ ሜዳ አለ፤ የጓሳ ብርድ ጤነኛውንም ይሰብራል። ቁርጤን ዐወቅሁ። አባቴ አይድኑም። የቀረኝ ነገር ሙቀት ውስጥ፣ ሕመሙ ቀለል ብሎላቸው፣ እጃቸውን ይዤ እንዲሞቱ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ክፍሌ ሲገቡ መጀመሪያ የዳሰሱት በሩን ነው። ጥሩ ጥድ ነው፣ በደንብ ደርቆ ነው የተሰነጠቀው አሉ። በዘመናቸው ብዙ ቤት ያቆሙ ሰው ናቸው። አልጋዬን ለቀቅሁላቸው፣ ያለችኝን አንዲት የበግ ጠጉር ባና አለበስኳቸው፣ በሩን ዘጋሁ።

አከራዬ እርጎ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ከአጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ አጫወታቸው፣ እግዜር ይማርዎት አላቸው። ሲወጣ በዐይኑ ጠቀሰኝና ግቢው በር ድረስ ተከተልኩት።

«ያባትሽ ነገር አላማረኝም» አለኝ። «ቤቱ አዲስ ነው፣ ሰርግ እንኳ አላየም። ቤቴን በሬሳ አላሟሽም። ነፍሳቸው ሳትወጣ አገራቸው አግቢያቸው።»

የሚሟሸው እኮ ድስት ነው! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ ያነሣኝም ራሱ ነው፣ ኧረ ተይ ልጄ እያለ። ኋላ ለአስተማሪው ስነግረው አልደነቀውም። በዚህ ከተማ ተከራይ ሆዷ ሲገፋ ቤት ልቀቂ ትባላለች፣ የታመመም ይባላል፣ አላወቅሽም እንዴ አለኝ። ሌላ ቤት ፈለግሁ። ደጋግ ሴቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ያዳምጡኛል፣ የታመመ አባት አለኝ ስል ክፍሉ ድንገት የእህታቸው ልጅ የሚገባበት ይሆናል።

አከራዬ በየጠዋቱ መቼ እንደምንወጣ ይጠይቀኝ ጀመር። ድምፁን አንድም ቀን ከፍ አላደረገም። በመጨረሻ ግን ካልወጣሽ እቃሽን እኔው አወጣልሻለሁ አለኝ። ደሜ ፈላ። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ፣ ማመልከቻዬን በገዛ እጄ ታይፕ አድርጌ ወረዳ ፍርድ ቤት ገባሁ።

ዳኛው ልጅ እግር ነበር፣ ኮርስ ወስዶ በቅርቡ የመጣ። አከራዬ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቀረበና ውል ስለሌለን ተከራዬ አይደለችም፣ በደግነቴ ያስጠጋኋት ናት አለ። ዳኛው አልተቀበለውም። በቃል የተደረገ ኪራይም ኪራይ ነው፤ ኪራዩንም በየወሩ ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ማስወጣት ከፈለጉ አስቀድመው ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፣ ጊዜው እስኪያልቅም ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ እቃዋን ማውጣት፣ ከቤቱ ማባረር አይችሉም፤ የታመመ አባቷን ማስታመምም መብቷ ነው አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ የእኔን ግዴታ ነገረኝ፤ ኪራዩን በጊዜው መክፈል፣ ቤቱን እንደ ራሴ ቤት መያዝ። ወጣት ስለሆነ ማስተማር ይወዳል። ከባድ እድሳት ሲመጣ ኃላፊው አከራዩ እንደሆነም ጨመረ።

አከራዬ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ በር ቢበላሽ ማሠራቱ የእኔ ነው የሷ?»

«የእርስዎ ነው» አለ ዳኛው። «ላድስ ሲሉም ልትከለክልዎት አትችልም።»

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔ በልቤ ሳቅሁበት፤ ሽማግሌው ተሸንፎ የሚናገረው ጠፋው ብዬ። ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ቤቴ ገባሁና ለአባቴ እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። እስከዚያ ቀን የከሰስኩት በኪራይ ነገር ነው ብዬ እውነቱን ደብቄያቸው ነበር። እሳቸው ሰውየው ተቀየመን ወይ ብቻ ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት አከራዬ አናጢ ይዞ መጣ። በሩ ጠሟል አለ። በሩ አልጠመመም። አናጢው ዐይኔን ሳያይ ማጠፊያውን ነቀለ፤ ሁለት ሆነው ሳንቃውን ተሸክመው ወሰዱና ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ጋር አስደገፉት። መቼ ነው የሚመለሰው ስል እንጨት ሲመጣ አሉኝ። እንጨቱ መቼ ይመጣል ስል እሱን እግዜር ያውቃል አሉኝ።

«ሕጉ አዞኝ እኮ ነው» አለ አከራዬ። «ዳኛው ሲል አልሰማሽም?»

ወይ ነዶ! ሮጬ ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ ዳኛው ለግምገማ ደብረ ብርሃን ወርዷል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ቀበሌ ሄድኩ፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ እጃችንን አናስገባም አሉኝ። የጠራሁት ፖሊስ መጥቶ አየና እያደሰ ነው እንጂ እያስወጣሽ አይደለም ብሎኝ ሄደ። አስተማሪው ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን የሱም በር የዚያው ሰውዬ ነው። እኔም ማኅተም ያለበትን ውሳኔ ደረቴ ውስጥ ከትቼ እዞር ነበር።

ታኅሣሥ ገብቷል። በታኅሣሥ ጠዋት መንዝ ላይ በእንስራ ያደረ ውኃ በድንጋይ ተሰብሮ ነው የሚቀዳው። ባናዋን በሩ ላይ ስሰቅላት አባቴ ይንቀጠቀጣሉ፤ አውርጄ ሳለብሳቸው ነፋሱ ቀጥ ብሎ ይገባል። ኩበት አነደድኩ፣ ጭሱ አሳላቸው። መርፌው ሕመሙን እንጂ ብርዱን አያስታግስም። እግራቸውን ብብቴ ውስጥ አስገብቼ እቀመጣለሁ፣ ይሞቃሉ ብዬ። አልሞቁም።

ከሁሉ የባሰው ግን በር ስለሌለ ወሬው ሁሉ መግባቱ ነበር። አከራዬ ከእንግዶቹ ጋር ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ቤቱን በሬሳ እንደማያሟሽ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፣ ያም ሰው ልክ ነዎት ይለዋል። አባቴ አልጋ ላይ ሆነው እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የተኙ ለመምሰል። ከፊታችን ያ ጥሩ ጥድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ አናቱ ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል።

በገበያ ቀን የግሼ ዘመዶቻችን ሊጠይቋቸው ጎራ አሉ። አባቴ ቀና አድርጉኝ አሉና ቃሬዛ እንዲያበጁ አዘዟቸው። ውሳኔውን አውጥቼ ማንም ሊያስወጣን እንደማይችል፣ ዳኛው ሲመለስ በሩ በግድ እንደሚገጠም ነገርኳቸው። አለቀስኩ፣ ተቆጣኋቸውም። በዚህ ብርድ ጓሳን አያልፉትም አልኩ። ያውቁታል።

«ተይ ልጄ» አሉኝ። «የሰው ቤት ነው። ሳይፈልግ ሬሳዬን አላስታቅፈውም።»

ከዚያ ባለቤቱን ጥሪልኝ አሉ። እምቢ አልኩ፣ አንዱ ዘመዳችን ጠራው። መጥቶ በሩ በነበረበት ቦታ ቆመ። አባቴ ቃሬዛው ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቅርታ ጠየቁት። አዎ፣ እሳቸው እሱን። አስቸገርንዎት፣ ልጄም ልጅነት ይዟት ከስሳ አቆመችዎት፣ ይቅር ይበሉን አሉት።

«ኧረ ምን አስቸገሩ» አለ። «ቤቱ የእርስዎ ነው።»

የግቢውን በር ራሱ ከፍቶ ያዘልን። ቃሬዛው መንገዱን ሳይታጠፍ ከኋላችን መዶሻ ተሰማ። ለካ አናጢው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል፤ እንጨቱም መጥቷል ማለት ነው።

ጓሳ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ሰው አያስቆምም። አባቴ አሳርፉኝ አሉ። አወረድናቸው። ራሳቸው ከፍ እንዲልላቸው አንዱ ዘመዳችን ማጭዱን አውጥቶ ጥቂት ሣር ሊያጭድ ጎንበስ አለ። የጓሳ ሣር እንደፈለጉ አይታጨድም፤ አገሬው ተስማምቶ የሚፈታበት ጊዜ አለው፣ እስከዚያ ማንም አይነካውም።

«ተው» አሉት አባቴ። «ገና አልተፈታም።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ነጠላዬን አጥፌ ከራሳቸው ሥር አደረግሁ። እዚያው፣ ማንም ውጡልኝ በማይልበት ሜዳ ላይ ሞቱ። እጃቸውን ይዤ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊትም ቀዝቅዞ ነበር።

ግሼ ቀብረናቸው ጥቁሬን ለብሼ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። በሩ ተገጥሟል፣ ሰማያዊ ቀለምም ተቀብቷል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችና እድርተኛው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። አከራዬ የእድሩን አግዳሚ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ደርድሮ ጠበቃቸው፣ ራሱም ከፊት ተቀመጠ። እኔን እግዜር ያጥናሽ የሚል ሁሉ እሱንም እግዜር ያጥናዎት ይለዋል፣ እሱም አሜን ይላል።

አንዲት ሴት የት እንዳረፉ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አከራዬ ቀደመኝ።

«እዚሁ እጃችን ላይ ነበሩ፣ ልባቸው አገራቸውን አለና ሄዱ እንጂ» አለ። «እኛስ እንደ ወንድም ይዘናቸው ነበር።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ቆምኩ። «በሩን ነቅሎ በብርድ የገደላቸው እሱ ነው» አልኩ። «ይኸን ሰማያዊ በር። ጓሳ ሜዳ ላይ ነው የሞቱት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «እሱ» ያልኩት ያን ቀን ነው።

የቀበሌው ሰው አለ፣ ፖሊሱ አለ፣ አስተማሪው አለ፣ አናጢውም ጥግ ላይ ንፍሮውን በእፍኙ እንደያዘ ነው። ሁሉም ያውቃሉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። የቢሮ ጓደኛዬ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዘንጉን ተደግፎ ተነሣ። እሰይ አልኩ በልቤ፣ የሚፈርድልኝ ተነሣ። ሽማግሌው ግን ወደ አከራዬ ዞረ። ልጅቱን ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ አይያዙባት፣ ይቅር ይበሏት አለው።

አከራዬ ጋቢውን አስተካከለ። ትንሽ አሰበበት።

«ይቅር ብያታለሁ» አለ።

ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ፣ ንፍሮውም እንደገና ዞረ።