በኤም ስድሳ ሁለት የሄደ ሽምግልና

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። መንገድ መሳሳት ነው፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። እኛ ግን የተሳሳትነው ሽማግሌ ይዘን ነው።

ወንድሜ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት የሚኖሩት ሃል ነው፣ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ። «ሽማግሌ ካልመጣ ልጁን አላውቀውም» አሉ። ስለዚህ ወንድሜ አጎታችንንና ለንደን ውስጥ ዌምብሊ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ላከ። ሹፌሯ እኔ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፣ መንጃ ፈቃዴም አዲስ።

ከለንደን እስከ ሊድስ አካባቢ ስልኬ በደንብ መራን። ከዚያ ኤም ስድሳ ሁለት መጣ፤ እንግሊዝን ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና። አዛውንቱ ከኋላ ሆነው ለልጅቷ አባት የሚሉትን እየተለማመዱ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ያቺን ሴትዮ ዝም አሰኚልኝ» አሉ፣ መንገድ የምትመራንን የስልኩን ድምፅ። «ይኸው ስድሳ ሁለት ይላል፣ ግቢ።»

ገባሁ።

አጎቴ ትንሽ ቆይቶ «ጋሼ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ሆነች» አለ። ከሰዓት በኋላ ነበር።

«አዎ፣ ደስ ትላለች።»

«ሃል በምሥራቅ ነው የተባልነው መሰለኝ። እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

«መንገድ ይዞራል።»

ሽማግሌ መንገድ ላይ ከተከራከረ ጉዳዩ አይቀናም ብሎ አጎቴ ዝም አለ። እኔም የተስማሙ መስሎኝ ነዳሁ። ወንድሜ ደውሎ «ደረሳችሁ?» አለ። አጎቴ «እየተቃረብን ነው» አለው። እውነቱን ነው፣ ወደ አንድ ባሕር እየተቃረብን ነበር።

ማንቸስተርን አልፈን አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ሊቨርፑል የሚለው የኳሱ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተሳስተሻል።»

ዞረን ሃል ስንደርስ መሽቷል። አባትየው በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። ፊታቸው አልተፈታም። ወንድሜ አለቀለት ብዬ ቁልፉን በእጄ ጨበጥኩ።

«በባህላችን ሽማግሌ ሁለቴ ተመልሶ በሦስተኛው ነው እሺ የሚባለው» አሉ። «አንዴ ሊቨርፑል መልሳችኋለች። ዛሬ ደግሞ እኔ እመልሳችኋለሁ።»

አጎቴ «የቀረን አንድ ነዋ?» አለ።

«አንድ ነው። እባካችሁ በባቡር ኑ። አሁን ግን ግቡ፣ ራት ቀርቧል።»

በባቡር ሄዱ። እሺ የተባሉት በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ነው።