ኮምፒውተሬ ዲስኩን የካደ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከከፈቱት ውስጥ ከእኔ ያልቀዳ የለም። እኔን ግን ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ብሎን በብሎን ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት፤ በቃ፣ አወቅሁት። ፎቶ ላይ ሱፍና ከረባት በማልበስ ደግሞ ዛሬም የሚስተካከለኝ አላየሁም። ገበሬው ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል፤ የመምሪያ ኃላፊ መስሎ ይወጣል።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ባበራው፣ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ብቅ አለ። ዲስክ የለም ይላል። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ሜሞሪውን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ ጠረግሁና መለስኩ፤ ያው ነው። ቆሜ ተቀምጬ፣ ተቀምጬ ቆሜ ስቁነጠነጥ፣ ከጅጋ በኩል የመጣች ጥቁር የለበሰች ሴት ከባሏ ወንድም ጋር ገባች።

ባሏ በቅርቡ ተቀብሯል። ከገበያው ማግስት የሩቅ ዘመድ ሁሉ ለለቅሶ ሊሰበሰብ ነው፤ ፎቶው ፊት ለፊት ይቆማል። ሰውየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፎቶ የተነሳ፤ ያም እኔ ዘንድ። በሰማያዊ ሱፍ ያሳመርኩትን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው።

«ታዲያ ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እሱን አልመሰለም። እናቱ አይተው ‹ይህ የየት አገር ሹም ነው?› አሉ። በማላውቀው ሰው ፊት ምን ብዬ ላልቅስ? በጋቢው ያለውን ይስጡኝ።»

ቅር አለኝ። ያ ሱፍ ከሠራኋቸው ሁሉ የተዋጣለት ነበር። ሆኖም ዋናውን ፎቶ የሚያጠፋ ሰው ፎቶ አንሺ አይባልም፤ እኔ አንድም አጥፍቼ አላውቅም። ችግሩ፣ ያለው ኮምፒውተሩ በካደው ዲስክ ላይ ነው።

ወንድምየው ነገሩ ሲገባው «ቡሬ የተማሩ ልጆች አሉ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ይስጡንና ሚኒባስ እንያዝ» አለ።

«የተማሩት ሲጨንቃቸው ለእኔ ነው የሚደውሉ!»

«ይደውሉ እንጂ። እስኪደውሉ መብራቱ እንዳይሄድብዎ።»

ይቺ አንገበገበችኝ። ቤቴ ሞልቶ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የደረደርኳቸውን የበቆሎ ጆንያዎች ገፍቼ ሳጥኑን ጎተትኩና ጎኑን ከፈትኩት። ጆሮዬን ዲስኩ ላይ ለጠፍኩ። ይዞራል! ሕይወት አለው፤ ቃሉ ብቻ አይደርስም። ወደ ውስጥ ባበራ ገለባና የተቦጫጨቀ ጨርቅ ተጎዝጉዟል፤ መረጃ የሚያስተላልፈው ገመድ ተግጦ መዳቡ ወጥቷል። ከበቆሎው የመጣች አይጥ ሙቀቱ ተስማምቷት ኖሯል።

«ጎተራ ነው እንዴ የከፈቱት፣ ጋሼ?» አለ ወንድምየው።

«አይጥም ብትሆን ባለሙያ ያለበትን ቤት ታውቃለች» አልኩት።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗ አምፖሉ ላይ ነበር፤ መብራቱን በዓይኗ የያዘችው ይመስል። እጄ ተቻኮለ። የሲዲ ማጫወቻው ገመድ ዓይነቱ አንድ ነው፤ ማን ሲዲ ያጫውታል ብዬ ነቀልኩና ለዲስኩ ሰጠሁት። አበራሁ። ጥቁሩ መስኮት ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ ተከፈተ።

ፎቶውን አወጣሁት። ጋቢው እስከ አገጩ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ አንደኛው ዓይኑ ከመብራቴ ሽሽት ጨፈን ያለ። ሴትየዋ የበቆሎው ጆንያ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ይቺን ዓይን ብቻ ላቅናት? ደቂቃ አይፈጅብኝም» አልኳት።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለች። «ሲያየኝም እንዲህ አድርጎ ነበር።»

መብራቱ ሳይሄድ አተምኩላት። እርጥቡን ፎቶ በነጠላዋ ሳትነካው፣ በሁለት እጇ ከፊቷ ይዛ ወጣች። ሱፍ የለበሰውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄዳለች። ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ የሚያየው ሁሉ ሹሙ ማን ነው ይለኛል።