ከቁምሳጥኑ ጀርባ

የወይንሐረግ፣ ሰበታ ገበያ ዳር ባለ ጫማ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ነው ፀጉሯ የሸበተው። የጎንደር ልጅ ናት። ገና ልጅ ሳለች ከአጎቷ ጋር መጥታ እዚሁ ከዲሪርሳ ጋር ተዋወቀች፣ እዚሁ ተዳረች፣ እዚሁም ቀበረችው። ዲሪርሳ ግንበኛ ነበር። ለሠርጋቸው ያደረገላት የወርቅ ሐብል፣ ጥንድ ጉትቻና አምባር፣ ከእናቷ ከወረሰችው የብር ድሪ ጋር፣ በዕድሜዋ የእኔ የምትለው ጌጥ ይኸው ነበር።

አንድ ሰሞን ሌባ ሠፈሩን ሲያምሰው፣ ዲሪርሳ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን የጭቃ ግድግዳ ፈልፍሎ ለጌጡ መቀመጫ አበጀላት። አፉን በስስ ጣውላ ገጥሞ ላዩን የግድግዳውን ቀለም ቀባው። የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር በእጁ ዳስሶ እንኳ አያገኘውም። በኋላ ታሞ ሲተኛ፣ ስለ ትንሿ ልጃቸው፣ «ሐኒ ከፍ ስትል አሳዪያት» አላት። «እሺ» አለችው።

ሐኒ ከፍ አለች። ተመርቃ ፋርማሲ ተቀጠረች፤ ወንዲ የሚባል የሠፈር ልጅም ሽማግሌ ላከባት። የወይንሐረግ ግን አላሳየቻትም። ልጇን ጠርጥራ አልነበረም። ወጣት ለጓደኛው ያወራል፣ ጓደኛም ለሌላ ጓደኛ ያወራል እያለች ዛሬ ነገ ስትል ነው የቆየችው።

ሐኒ ሥራ በምትገባበት ቅዳሜ፣ የወይንሐረግ በሩን ቀርቅራ ቁምሳጥኑን ገፋ ታደርጋለች። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የሳሙና ጠብታ ጣል አድርጋ፣ ወርቁን በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ታሸዋለች። ጎረቤቶቿ በጥርስ ሳሙና ሲፈትጉ አይታ «ይቧጭረዋል እኮ!» ብላ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላለችም፣ ብትል ወርቅ እንዳላት ይታወቅባታል። ሐብሉ ከአምባሩ ጋር እንዳይፋተግ ለየብቻ በጥጥ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ድሪው እንዳይጠቁር አየር በማያስገባ ከረጢት ታደርገዋለች። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢትም ከሱቅ እያመጣች አጠገቡ ትሸጉጣለች። ዲሪርሳ ከሞተ ወዲህ ከጌጡ አንዱንም አጥልቃው አታውቅም።

«እማዬ፣ የሠርግሽ ወርቅ የት ነው ያለው?» ትላታለች ሐኒ አንዳንዴ።

«ጥሩ ቦታ ነው። ቀንሽ ሲደርስ ታገኚዋለሽ።»

ሠርጉ ሊቃረብ ሲል ወሬ መጣ፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤታቸው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። «ከበዓሉ በፊት የሚነካችሁ የለም» ስለተባለ፣ የወይንሐረግ ፉሪ አንዲት ክፍል ተከራይታ ተረጋግታ ለመውጣት አሰበች። ወርቁን ቀድማ ለማውጣት ልቧ አልቆረጠም። ፉሪ ያገኘችው ክፍል ግቢው የጋራ ነው፤ በሩ በእርግጫ የሚከፈት፣ ተከራዮቹ የማታውቃቸው። ከዚያ ይልቅ ግድግዳው ይሻላል፣ በመጨረሻዋ ቀን አወጣዋለሁ አለች።

በዚህ መሃል የዲሪርሳ ታላቅ እህት ባል ተጂ ከተማ አረፈ። የወይንሐረግ ለቀብር ሄዳ እዚያው አደረች። በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ከለቀስተኛ ጋር ስትቀመጥ ስልኳ ጓዳ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አውጥታ ስታየው ሐኒ ደጋግማ ደውላለች።

«እማዬ» አለች ሐኒ፤ ድምፅዋ ጎርንኗል። «ቤታችንን አፈረሱት።»

«ወርቁስ?»

 «ቤት ውስጥ ነበር እንዴ?» አለች ሐኒ።

የወይንሐረግ ሰበታ እንዴት እንደደረሰች አታስታውሰውም። ከታክሲ ስትወርድ የቤቷ ቦታ ገላጣ ሆኖ ከወዲያ ማዶ ያለው አስፋልት ይታያል። መስመሩ ያልደረሰባት ጎረቤቷ ገለቴ፣ የተረፈውን ዕቃ ግቢዋ ውስጥ አስቀምጣላቸዋለች፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጤፉ ጆንያ። መሃል ላይ ቁምሳጥኑ ቆሟል። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ የኔ እህት? ሰው ተርፏል እኮ!» አለች ገለቴ።

የወይንሐረግ ወደ ሐኒ ዞራ ጣቷን ወደ ቁምሳጥኑ ቀሰረች። «ከጀርባው… ግድግዳው ውስጥ ነበር። አባትሽ ነው የሠራው።»

ሐኒ እናቷን አየቻት። «ቁምሳጥኑን እኔ ነኝ ያላቀቅኩት። ዕቃ እንድናወጣ ጊዜ ሰጥተውን ነበር። ከወንዲ ጋር ስንስበው ግድግዳውን ተደግፌ ነበር፣ በዚህ እጄ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»



ሦስቱ ሴቶች ፍርስራሹ ላይ ወጥተው በዶማም በእጅም ቆፈሩ። በመኝታ ቤቱ በኩል ያለውን ዶዘሩ አስቀድሞ ዝቆት፣ ሲኖ ትራኮቹ አፈሩን ጭነው ወስደዋል። የት እንደደፉት ሲጠይቁ አንዱ ሠራተኛ ወደ ሸለቆው፣ ሌላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ጠቆማቸው። የተገኘው ያ ስስ ጣውላ ብቻ ነው፤ ለሁለት ተሰብሮ፣ ቀለሙ እንዳለ።

ከዚያ በኋላ የወይንሐረግ ሰው ማየት ጠላች። ጫማ ልትለካ የምትቀመጥን ሴት ሁሉ፣ የጠፋውን ጌጥ አድርጋ እንደሆነ፣ አንገትና ጆሮዋን ነው ቀድማ የምታየው። ብረታ ብረት የሚለቅሙት፣ አፈሩን የጫነው መኪና ረዳት፣ አንድ ሰሞን ገለቴ ሳትቀር፣ ያልጠረጠረችው አልነበረም። ለገለቴ አፍ አውጥታ አልተናገረችም፤ ግን ደጃፏን መርገጥ አቆመች። ገለቴ ገባት። ጓዛቸውን ወደ ፉሪ ያስጫነችላቸው ቀን ቡና እንኳ ጠጡ አላለችም።

ፉሪ አንዲት ክፍል ውስጥ እናትና ልጅ ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ። ሐኒ ስለ ወርቁ ዳግመኛ አላነሳችም። ብትቆጣት፣ ብትጮህባት በወደደች የወይንሐረግ። ሐኒ ግን፣ «በላሽ? መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብቻ ነው የምትለው፣ ፋርማሲ ውስጥ ደንበኛ እንደምታስተናግድ።

ሠርጉ ደረሰ። ወርቅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ወንዲ ከቀለበት ያለፈ አቅም አልነበረውም፤ ሐኒ አንገቷ ላይ ያደረገችው ከቬሎው ጋር የተከራየችውን የወርቅ ቅብ ሐብል ነው። ከሰዓት በኋላ የዲሪርሳ እህት በዱላ ተደግፈው ሊመርቁ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። ሐብሉን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ ወንድሜ ለእናትሽ ያደረገላት አይደለም እንዴ?»

ሐኒ ወደ እናቷ አላየችም። «አዎ፣ እሱ ነው አክስቴ። እማዬ ናት ጠብቃ ያቆየችልኝ።»

አሮጊቷ ዞረው የወይንሐረግን እጅ ያዙ። «ተባረኪ ልጄ። የሟች አደራ እንዲህ ነው የሚጠበቅ።»

«አሜን፣ እርስዎም ይኑሩልን» አለች የወይንሐረግ፣ አንገቷን ደፍታ። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና ከድንኳኑ ጀርባ ወጥታ፣ ድስት ከሚታጠብበት ቦታ አጠገብ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች ልጇን የዳረች እናት ታለቅሳለች ብለው፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።