ሦስት ብቻ ተዉ

መምህር ተክለወልድ በተቀበረ ዕለት ንግግር ያደረጉት ሁሉ፣ ያስተማረውን በገዛ ማሳው ሠርቶ ያሳየ ሰው እንደነበር መሰከሩ። ሚስቱ ሸዋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ለቀስተኛው እያለቀሰች መስሎት አዘነላት።

ተክለወልድ አርባ ምንጭ ውስጥ ግብርና ሲያስተምር ኖረ። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለችው የሙዝ ማሳው ያመሻል። ተማሪዎቹ ሌላው ትምህርት ቢጠፋባቸው አንዱ አይጠፋቸውም፤ ሙዝ ከሥሩ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፣ እናትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ትታችሁ ሌላውን ቁረጡ፤ አለዚያ እርስ በርስ ተሻምተው ፍሬው ጣት ያህል ይሆናል። ይህን የሰሙ ሁሉ ሸክም የሚሞላ ዘለላ አወረዱ። የመምህሩ ማሳ ግን እባብ እንኳ አስቦ የሚገባበት ጫካ ነበር።

ምክንያቱን ሸዋነሽ ታውቃለች። ባሏ የደጋ ልጅ ነው፤ ከጨንቻ በላይ፣ እንሰት በሚበላበት አገር ነው የተወለደው። እዚያ የእንሰት ችግኝ ይተከላል ወይም ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ አይጣልም፤ የጣለ ሰው ልጆቹን ያስራበ ያህል ይታማል። ሙዝና እንሰት ደግሞ ላያቸው እህትማማች ናቸው። ስለዚህ ተክለወልድ ገጀራውን ይዞ ይገባል፣ ቡቃያዋን አንገቷን ይዞ ያያታል፣ «ይቺ እንኳ ለከርሞ ትቆይ» ይላል፣ ይመለሳል።

በ2003 ዓ.ም. የመስኖ ማኅበሩ ከሌላ ወረዳ ለሚመጡ ገበሬዎች አርአያ የሚሆን ማሳ ሲፈልግ፣ ሄዶ ሳያይ የመምህሩን መረጠ። የማንን ሊመርጥ ኖሯል? ተክለወልድም እምቢ ማለት አፈረ። ሸዋነሽ ባሏ በእንግዳ ፊት መሳቂያ እንዳይሆን ተጨነቀች። ሳታስፈቅደው ብትቆርጥ ደግሞ እንዴት እንደሚቀየማት አታውቅም። በመጨረሻ እሱ ትምህርት ቤት በዋለበት ቀን የቀድሞ ተማሪውን ዘካሪያስን ጠርታ ማሳው ውስጥ ገባች።

«እትዬ፣ እውነት ይሄ የመምህራችን ማሳ ነው?» አላት።

«የጎረቤት ነው። ዝም ብለህ ቁረጥ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ተክለወልድ ከእንግዶቹ ጋር ሲደርስ ማሳውን እንደ ሰው ማሳ ተስተካክሎ አገኘው። እንግዶቹ ረድፉን አደነቁ፣ ዘዴውን እንዲነግራቸው ለመኑት።

«ባለቤቴን ጠይቋት» አለ። «እኔ ማስተማር እንጂ መቁረጥ አልችልም።»

ሳቁ። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይተን አናውቅም እያሉ ሄዱ።

ሸዋነሽ ቁጣውን ጠበቀች። እሱ የጠየቃት ግን ቡቃያዎቹን የት እንደጣለቻቸው ብቻ ነበር።

«ላሞቹ በሏቸው» አለችው።

«እንግዲያው አልተጣሉም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሳይነጋገሩ ተግባቡ። ማሳው ጥቅጥቅ ሲል ተክለወልድ ነገ ስብሰባ አለብኝ፣ አመሻለሁ ይላል። ስብሰባ እንደሌለ ሸዋነሽ ታውቃለች። ስትቆርጥ ትውላለች፤ እሱ ሲመጣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ በማግሥቱም ክፍል ገብቶ «ሦስት ብቻ ተዉ» ይላል።

በመጨረሻው ዓመት ታመመና ቤት ዋለ። ሸዋነሽ በየጠዋቱ ወንበሩን ማሳው ዳር ታወጣለታለች። ቡቃያው ግን የሰው ሕመም አያውቅም፤ እየበዛ ሄደ፣ ዘለላውም አነሰ። በበሽተኛ ፊት ለጋ ነገር መቁረጥ ከበዳት። ስትፈራ ስትቸር ሰነበተች።

አንድ ቀን ራሱ «ሸዋዬ፣ ወንበሩን ወደ ወንዙ አዙሪልኝ» አላት።

አዞረችለትና ገጀራውን አነሳች። ጥቂት እንደቆረጠች፣ ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ።

«ከፍ አድርገሽ ነው የምትቆርጪው። እንደሱ ከሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል። አፈሩን ገለጥ አድርጊና ከሥሩ በይው።»

«ላላይ ብለህ አይደል የዞርከው? ታዲያ ዝም በል።»

«መች አየሁ? ሰማሁ እንጂ።»

ሸዋነሽ ቀና ብላ ጀርባውን አየች። በየጊዜው የቆረጠችው ሁሉ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመለስ ገባት። ይህን ሁሉ ዘመን እያወቀ አልነገራትም።

ጎንበስ ብላ አፈሩን ገለጠች።