ሰርካለም ፔዳል የመረጠች ዕለት

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሰርግ ደግሶ ሰርካለምን የማያውቅ የለም። ከመድረኩ ጥግ ቆማ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ቀጭን፣ ረዘም ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳው ዘፈኑን ትቶ እሷን ያይ ነበር፤ በኋላ ለመዳት። ቤዙን ያስተማራት ባሏ ተስፋሁን ነው። እሱ በዚያው ባንድ ኪቦርድ ይጫወት ነበር።

ተስፋሁን ባለፈው ሰኔ ሞተ። ባንዱ ስማዳ ድረስ ሄዶ ወገዳ ላይ ለምርቃት ተጫውቶ ሲመለስ፣ እሷ ከሌሎቹ ጋር በሚኒባስ ቀደመች፤ እሱ ዕቃውን ይዞ በአይሱዙ ተከተለ። ዝናብ የበላው መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ኪቦርዱም አብሮ ደቀቀ።

ሰርካለም አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲመታ እሷ ድንኳኑ የታሰረበትን ገመድ ታይ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች፣ «አልቅሺ ልጄ፣ ይወጣልሻል» አሏት። «እሺ» አለች። ሞከረች፤ አልመጣም። አርባው ወጣ፣ ክረምቱም አለፈ። ትነሳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ለሚያናግራት መልስ ትሰጣለች። ልምምድ ሲጠሯትም ትሄዳለች። ልምምዱ ላይ ግን ቀኝ እጇ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አንዱን ክር አጥብቃ ትመታና ሌላውን እንዳይሰማ አድርጋ ነካ ብቻ አድርጋው ታልፋለች። የባንዱ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ የባንዱ አለቃና ዘፋኝ ጋሽ ሙላት ቤቷ መጡ።

«የጥር ሰርግ ይዣለሁ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግን ከየትም አላገኘሁ። ባሕር ዳር ለቤዝ የሚሆን ፔዳል አለ አሉኝ፤ በእግር እየረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡበት ነገር ነው። የኪቦርዱን ቦታ በዚያ እንሸፍን። አብረን እንሂድና አንቺው ምረጪ።»

«ጥቁር እንደለበሰች ሰርግ ቤት ልትቆም ነው?» አሉ ዘነበች።

«ቤት ቁጭ ብላስ ምን ልትሆን ነው?»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። መሄዱም መቅረቱም ለእሷ አንድ ነበር። መልስ እየጠበቁ ስለሆነ ብቻ «እሄዳለሁ» አለች።

በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር ገቡ። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ፊልጶስ ራሱም ቤዝ ተጫዋች ነው። ጊታሯን ተቀብሎ አየውና ክሮቹን ቃኘላት፤ ከዚያ አራት ፔዳሎች ምንጣፍ ላይ ደረደረ። እያንዳንዳቸው የሳሙና መያዣ ያክላሉ።

የመጀመሪያውን ስትረግጠው ድምፁ ሻከረ፣ ተንጫረረ። ጋሽ ሙላት ጆሯቸውን ያዙ። «ይሄ ወፍጮ ቤት ነው! ሙሽራዋን ልናባርር ነው እንዴ?»

ሁለተኛው ድምፁን እያወዛወዘ አራዘመው። ለስለስ ባለ ዘፈን ላይ ያምራል፤ እስክስታ ስትጀምርበት ግን ምቱ ተድበሰበሰ። ተወችው።

ሦስተኛው ቤዙን እንደ ኦርጋን አደረገው። ሰርካለም የለመደችውን የሰርግ ዘፈን መግቢያ ቀስ ብላ ተጫወተች። ጋሽ ሙላት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«በቃ! ይሄ ነው! ተስፋሁን እኮ ነው!»

«ተስፋሁን ማነው?» አለ ፊልጶስ።

ጋሽ ሙላት የተናገሩት ያኔ ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነበር። ባሏ ነው። ሞተብን» አሉ።

ሰርካለም ፔዳሉ ላይ የበራችውን ቀይ መብራት ታያለች። አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ እንባው ወይም ሌላ ነገር። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ሌላ የመጣ ነገር አልነበረም። በእግሯ ጫን አለችና መብራቷ ጠፋች።

«ሌላስ?» አለች።

ፊልጶስ የመጨረሻውን አስጠጋላት። «ይሄ ኮምፕሬሰር ይባላል። የራሱ ድምፅ የለውም። አጥብቀሽ የመታሽውን ይይዘዋል፣ አላልተሽ የመታሽውን ያነሳዋል። ሁሉንም እኩል ያደርገዋል።»

ተጫወተች። ጋሽ ሙላት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«አብርተሽዋል?»

«በርቷል።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

እሷ ግን ሰምታዋለች። ከሰኔ ወዲህ የሚደክሙባት ምቶች ሁሉ እኩል ይሰሙ ነበር። «ይሄን» አለች።

«ልጄ፣ እኛ የፈለግነው እኮ ኪቦርዱን የሚተካ ነው።»

«አይተካም፣ ጋሼ። እኔ የምጫወተው ቤዝ ነው።»

ቁጣም ልመናም አልነበረበትም፤ ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነበር የተናገረችው። ጋሽ ሙላት ወደ ፊልጶስ ዞሩ።

«እኔም የምላችሁ እሱን ነው» አለ ፊልጶስ። «ኦርጋን የሚያደርገው ያምራል፤ ግን እስክስታው ሲፈጥን ይንተባተባል።»

ጋሽ ሙላት «ምንም ያልለወጠ ዕቃ ይዘን ልንመለስ ነው» እያሉ እስከ መናኸሪያው አጉረመረሙ። ሰርካለም ፔዳሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው።

የጥር የመጀመሪያው ሰርግ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ነበር። ዘፈኑን ኪቦርድ የሚከፍትበት ቦታ ሲደርስ ጋሽ ሙላት በልማድ ወደ ግራ ዞሩ። እዚያ ማንም የለም። ሰርካለም በቤዙ ብቻ ጀመረች። ሰው ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ከበሮው ሲገባ ትከሻዎች ተነሱ። የሙሽራው አጎቶች ላብ በላብ ሆኑ። እሷ ቆማ ታያቸዋለች። መደሰታቸው ይታያታል፤ ወደ እሷ ግን አልደረሰም። ከበሮ መቺው ፈንታው ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ እጅሽ ተመልሷል» አላት።

«ፔዳሉ ነው» አለች።

በዚህ ሁኔታ ጥር አልቆ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ሰርግም ቆመ። በጾሙ መሐል ጋሽ ሙላት ባዩ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ከደብረ ታቦር አመጡ። ባዩ ትሑት ሰው ነው። በመጀመሪያው ልምምድ የት እንደሚቆም ጠየቃት፤ አሳየችው። ከዚያ ያንኑ የመግቢያ ዜማ ሊጀምር ሲል እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ፣ «ተስፋሁን ይሄን ከየትኛው ኖታ ነበር የሚነሳው?» አላት።

ሰርካለም ልትነግረው ዞረች። አላስታወሰችም። ስንት ዓመት አጠገቡ ቆማ የሰማችው መግቢያ ነው። አንዱን ክር ነካች፤ አይደለም። ሌላውን ነካች፤ እሱም አይደለም። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መጣ፤ ድንጋጤ። ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀመጠች።

«ምነው? አመመሽ?» አለ ባዩ።

«አላስታውስም» አለች። «አንተ ከሚመችህ ጀምር።»

ባዩ ጀመረ። እሷም ተከተለችው።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ለጾሙ የነከሩትን ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠችና ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ወሰደች።

«ዛሬ ደነገጥኩ» አለች።

«ምን አይተሽ?» ዘነበች ቀና አሉ።

«ምንም።»

ዘነበች ልጃቸውን ትንሽ አዩዋት። ሰፌዱን ወደ እሷ አስጠጉት፤ ሁለቱም መፈልፈላቸውን ቀጠሉ።