በስልክ የማይነገር ነገር

ሠናይት እሁድን መፍራት የጀመረችው ወንድሟ ካሣሁን ከተቀበረ ወዲህ ነው። ልጇ ያኤል ከስፔን የምትደውለው እሁድ ብቻ ነዋ። ያኤል ግራናዳ ሄዳ ስፓኒሽ የምትማርበት ፕሮግራም ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ተማሪው ከአገሬው ሰው ቤት እየኖረ፣ ሲበላም ሲኮራረፍም በስፓኒሽ ብቻ ይናገራል፤ የራሱን ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ቢያገኝ ነው። ፕሮግራሙን ፈልጎ ያገኘላት፣ «ሂጂ፣ ሰው አገር በሰው አፍ ኑሪና እዪው» ብሎ የሸኛት ካሣሁን ነበር። አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ጀምሮ ያሳደጋትም እሱው፣ «ጋሼ» የምትለው አጎቷ ነው። እሷ በሄደች በሁለተኛው ወር፣ ከእርዳታ ድርጅት ሥራው ሲመለስ፣ ላቪንግተን ሰፈር ካለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ልቡ ቀጥ አለ።

«ትጨርስና ትምጣ» አሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ አድነው። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትመጣ በማለዳ፣ ሁላችን ባለንበት፣ ሰው ደግፏት ትስማ።»

ሠናይት ይህን አላጣችውም። አባቷ ሲሞት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ የዶርሟ በር ተንኳኳ፤ አክስቶቿ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። ያሏትን ዛሬ አታስታውሰውም። የያዟትን እጆች ግን ታስታውሳለች። ያኤልን እዚያ ማን ይይዛታል?

ስለዚህ ትዋሻለች። ጋሼ ለሥራ ካኩማ ስደተኞች ካምፕ ሄዷል፣ ኔትወርክ አያገኝም። ካሜራ ክፈቺ ስትባል ስቲማ ጠፍቷል፣ መብራት የለም፣ ቤቱ ጨለማ ነው። ውሸቱ ግን እያለቀባት ነው።

ዛሬ ከጸሎት እንደተመለሰች የልጇን ቢጫ ሻርፕ ከቁምሳጥን አወጣችና ጥቁር የሐዘን ልብሷ እንዳይታይ እስከ አገጯ ጠመጠመችው። ስልኩን የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ጠራ።

«ማሚ፣ ዛሬ የስቲማ ወሬ አልሰማም። ካሜራ ክፈቺ። ዶኛ ፒላር ልታይሽ ትፈልጋለች፤ እናት የለሽም እንዴ እያለች ትቀልድብኛለች።»

«ጉንፋን ይዞኝ ፊቴ አብጧል እኮ።»

«ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ የእኔም አፍንጫ ቲማቲም መስሏል።»

ከፈተችው። ከያኤል ኋላ ወጥ ቤት ይታያል፤ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር የለበሰች አሮጊት፣ ያኤል ቤቷ የምትኖረው ዶኛ ፒላር፣ እጇን እያደረቀች ብቅ አለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሌላ ቀለም ለብሳ እንደማታውቅ ያኤል ነግራታለች። አሮጊቷ እየሳቀች አንድ ነገር ተናገረች።

«ልጅሽ እንደ ወፍ ነው የምትለቅመው እያለችሽ ነው።»

«እንደ እናት ቆንጥጪልኝ በያት።»

«እሱንማ አልተረጉምላትም» ብላ ያኤል ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ ጋሼ ግን ምን ነካው? በስፓኒሽ ቀድቼ ድምፄን ልኬለት ነበር። እስካሁን አልደረሰውም። ካኩማ እንዲህ ነው እንዴ?»

ሠናይት ውኃ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሻርፑ ከትከሻዋ ሸርተት አለ። ፈጥና ሰበሰበችው። ያኤል አላየችም፤ አሮጊቷ ግን መሳቋን ተወች። የሠናይትን አንገት አየች፣ የራሷን እጅጌ አየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?» አለች ሠናይት።

ያኤል ዞራ አሮጊቷን አየቻት። «እናትሽ ማን ሞቶባት ነው፣ ነው የምትለው።» ወደ ስልኩ ተጠጋች። «ማሚ፣ ሻርፑን አውርጂው።»

የጎረቤት ልቅሶ ነበረብን የሚለው ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የጋሽ አድነው ድምፅም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ግን ልጅቷ እንዲህ እያየቻት፣ ስልኩ ሲዘጋ ብቻዋን ሆና ልትገምተው ነው። ማንም ሳይይዛት።

«ያኤል፣ ሴትዮዋን አጠገቤ ተቀመጪ በያት።»

«ለምን?»

«በያት፣ የእኔ ልጅ።»

ያኤል በቀጠነ ድምፅ ነገረቻት። አሮጊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ማንም ሳይነግራት አንድ እጇን በልጅቷ ትከሻ አዙራ፣ በሌላው ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ሠናይት ያን እጅ ትክ ብላ አየችው። አጥንታም ነው፣ የከባድ ሥራ እጅ፤ አይለቅም። ከዚያ ሻርፑን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የወንድሟን ስም ጠራች።