በባዶ ሆድ ያነሳሁት ብረት

ድርቁ በጠናበት፣ አብዮቱም በፈነዳበት ዓመት መካነ ሰላም ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የስፖርት መምህራችን የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎችን በሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሰክተው ክብደት ማንሳት ያስተምሩን ነበር። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ እንጨት ብቻ አስነሱን። ወደ ብረቱ ስንሸጋገርም እያንዳንዳችንን "በልተሃል? በልተሻል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ያልበላ አያነሳም። እኛ አገር ግን "አልበላሁም" ብሎ በሰው ፊት መናገር እናትን ማዋረድ ነው።

ተራዬ ሲደርስ "በልቻለሁ" አልኩ። ከትናንት ምሳ ወዲህ የቀመስኩት ነገር አልነበረም።

"ይቺ ገለባ ልታነሳ ነው? ነፋስ እንዳይወስዳት ያዟት!" አለ አንድ የክፍላችን ልጅ፤ ሁሉም ሳቁ።

ብረቱን ትከሻዬ ድረስ አመጣሁት። ወደ ላይ ስገፋው ዓይኔ ጨለመ። ዘንጉ አንገቴ ላይ ሊወድቅ ሲል መምህሩ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ምን በላሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

መቀነቴን አጠበቅኩ። መምህሩ ወደ ሌሎቹ ዞሩ።

"እናንተስ?"

ልጆቹ አንድ በአንድ ከብረቱ ራቅ አሉ። መምህሩም ብረቱን ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበትና "ዛሬ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንማራለን" አሉ።

የሳቀብኝ ልጅ ከሁላችንም ቀድሞ ተቀመጠ።